በተዝካሩ ቀን የተሰጠኝ አልጋ ቤት

ይህ የደረሰብኝ ባለቤቴ አያሌው ባረፈ በዓመቱ ነው። ልጽፈው እየጀመርኩ ስተወው ብዙ ቆይቻለሁ። ግን በቆቦ ዋናው መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ስለሚመጣብኝ ዛሬ ልጨርሰው።

እዚያው መንገድ ዳር ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ አልጋ ቤት ነበረን። አያሌው ጠንቃቃ ስለነበር የንግድ ፈቃዱን በራሱ ስም አላወጣውም። ከታላቅ ወንድሙ ከጋሽ ሞላ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አቋቋሙ። «እንግዳ አንድ ነገር ቢሆንና ብንከሰስ የሚጠየቀው ማህበሩ ነው፤ የምንተኛበት ቤት አይነካም» ይለኝ ነበር።

እኔም «አንተ ደግሞ ሳይመቱህ ታለቅሳለህ» እያልኩ እስቅበት ነበር።

በተዝካሩ ቀን፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ፣ ጋሽ ሞላ ተነስቶ ቆመ። «ማህበሩን አፍርሰን ፈቃዱ በእሷ ስም ይውጣ። የወንድሜ ላብ ነው፤ እኔ ድርሻ አልፈልግም» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። አክስቱ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ብላ አለቀሰች። እኔም ተነስቼ ጉልበቱን ሳምኩ። በሽማግሌ ፊት የተሰጠን ነገር ለምን ተሰጠኝ ተብሎ አይጠየቅም፤ ያውም ከል ለብሶ። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ቢሮ ለቢሮ ተመላልሶ ጨረሰልኝ። እኔ ፈረምኩ።

ክረምቱ እንደወጣ፣ ከላይ የተከራየች ነርስ ልብስ ልታሰጣ የበረንዳውን ብረት ስትደገፍ ብረቱ ከነእሷ ወደቀ። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ነፍሷ ተረፈ፤ ዳሌዋ ግን ተሰብሮ እስካሁን በክራንች ነው የምትሄደው። ከሰሰችኝ። አልፈርድባትም።

የወደቀውን ብረት ሊያነሳ የመጣው በያጅ ስሩን አገላብጦ አየና «ይሄን እኮ ለጋሽ ሞላ ነግሬው ነበር። በዝገት አልቋል፣ ሰው ይጥላል ብዬ» አለኝ።

«መቼ?»

«ከተዝካሩ በፊት። እኔ አሠራዋለሁ፣ ለእሷ አታውራ፣ ሐዘን ላይ ናት አለኝ።»

በማግስቱ ጎብዬ ከተማ፣ ጋሽ ሞላ እህል ከሚነግድበት ሱቅ ሄድኩ። ጤፍ እያስመዘነ ነበር።

«ጋሼ፣ ብረቱን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

ዓይኑን ከሚዛኑ አላነሳም። «እታለም፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለ። ከዚያ «ምሳ በልተሻል?» አለኝ።

ጠበቃው እንደነገረኝ ፈቃዱ በእኔ ስም ስለሆነ፣ ከተፈረደብኝ የምኖርበት ቤት ሊሸጥ ይችላል። ማህበሩ ባይፈርስ ኖሮ አይነካም ነበር፤ ያኔ በግሉ ሊጠየቅ ይችል የነበረው ብረቱን እያወቀ የተወው ጋሽ ሞላ ነው። አያሌው የፈራው ነገር ደረሰ፤ ያዘጋጀልኝ መከለያ ግን በወንድሙ እጅ ተነስቷል።

ጉዳዩ ገና አላለቀም። ቤቱን ባጣ ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ለዚያ ራሴን እያዘጋጀሁ ነው። ዘመዶቹ ግን ዛሬም ለቅሶ ቤት ሲገናኙ የጋሽ ሞላን ደግነት ያወራሉ። እውነቱን ልነግራቸው እነሳና እተወዋለሁ። ሁሉም ያዩት ጉልበቱን ስስም ነው።