ገበያው ይድራልሽ ብለው የገቡት

በ2007 ዓ.ም. ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ወይም ስድሳ ስምንት። እናቴ በአንበጣው ዓመት ተወለድህ ትለኝ ነበር፤ አንበጣው ግን ሁለት ጊዜ ነው የመጣው አሉ።

ያን ዓመት ሰሊጡ መልካም ነበር። ሽንፋ በኩል ያለው እርሻዬ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ደርቆ፣ ተራግፎ ሸሕዲ ከተማ ካለው ቤቴ ጓሮ ካለው መጋዘን ገባ። ሌላ ዓመት ቢሆን ነጋዴ ይመጣል፣ ጆንያውን በመብሻ ይወጋል፣ እፍኝ አውጥቶ ያሸታል፣ "ቆሻሻ አለው" ብሎ ዋጋ ይሰብርና ጭኖት ይሄዳል። ታናሿ ልጄ ግን ያን ዓመት ለነጋዴ አይሰጥም አለች። ጎንደር ተምራ የመጣች ናት። ከሌሎች ገበሬዎች ጋር አጣመረችን፣ ወደ ውጭ የመላኪያ ፈቃዱንም እሷው ተመላልሳ አወጣች፤ የውጭ አገር ገዥ አገኛለሁ አለች።

"ማንን?" አልኋት። "የምታውቂው ሰው አለ?"

"አላውቀውም። እሱ ነው እኔን ፈልጎ የሚያገኘኝ።"

"አንችን ያውቅሻል?"

"አያውቀኝም፣ አባ።"

ከዚህ ጀምሮ ነው ነገሩ የተምታታብኝ።

ታላቂቱ ልጄ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ገዥው የሚያገኘን በኢንተርኔት ማስታወቂያ ነው አሉ፤ የዚያ ሒሳብ በውጭ ባንክ ካርድ ካልሆነ አይከፈልምና ከፋይዋ እሷ ሆነች። ግን ታናሿን ቃል አስገባቻት። እስከ ጥምቀት ገዥ ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ ይህን ነገር ትታ እሷ ዘንድ ትሄዳለች። ሥራ ተገኝቶላታል፣ ቪዛውም ወጥቷል። ፓስፖርቷን ሣጥን ውስጥ አይቸዋለሁ። ሁለተኛ ልጅ ወደዚያ እንድትሄድብኝ አልፈልግም ነበር። ግን አልተናገርሁም። የተናገርሁት "እንደፈቀዳችሁ" ብቻ ነው።

አሠራሩን እንዳስረዳችኝ ልጻፈው፤ ዛሬም ቢሆን አጥርቸ አላውቀውም። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሰሊጥ ሲያምረው ስልኩ ላይ ቃል ይጽፋል። ያን ቃል እኛ ቀድመን ይዘነው ከሆነ የእኛ ማስታወቂያ ይወጣለታል። እሱን ሲነካው ልጄ የሠራችው ገጽ ይከፈታል፤ የሰሊጡም የእኔም ፎቶ አለበት። ቃሉን ግን ሌላውም ሰሊጥ ሻጭ ይፈልገዋል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ቃል ዋጋ መስጠት አለ፤ የተሻለ የሰጠ ከላይ ይቀመጣል።

"እንደ ሳሉግ ገበያ ይዩት" አለችኝ።

ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ሸሕዲ ላይ ማለዳ ከአውቶቡስ ሲወርድ ባለ እርሻው ሁሉ ይከበዋል፤ አንዱ ዋጋ ሲጠራ ሌላው ይጨምራል። ያን ገበያ አውቀዋለሁ። በጎልማሳነቴ ሲጫረቱብኝ ቆሜበታለሁ፣ ኋላም ተጫርቸበታለሁ።

"እንግዲያውስ ለሁሉም እኩል ስጭ" አልኋት። "አንዱን አብልጠሽ ከከፈልሽ የቀረው ያኮርፋል።"

"ቃል አያኮርፍም፣ አባ።"

"ስንት ቃል ነው ያለሽ?"

ላፕቶፑን አዞረችልኝ። ወደ ታች ብትገፋው ብትገፋው አያልቅም። እየተረጎመች አነበበችልኝ። ሰሊጥ፣ ነጭ ሰሊጥ፣ የታጠበ ሰሊጥ፣ የሰሊጥ ዋጋ፣ ሰሊጥ በጅምላ፣ ሰሊጥ በኮንቴይነር፣ የአፍሪካ ሰሊጥ፣ የጎንደር ሰሊጥ። ደከመኝና አቁሚ አልኋት።

"ሰሊጥ አንድ ነው። ይህ ሁሉ ስም ምን ይሠራለታል?"

"ሰሊጡ አንድ ነው፤ ፈላጊው ነው የበዛው።"

መጀመሪያ ላይ እኔ እንዳልሁት እኩል ሰጠቻቸው፤ እኔን ሰምታ ይሁን ጊዜ አጥታ እንጃ። "ሰሊጥ" የሚለው ቃል ብቻውን ለቀኑ የተመደበውን ገንዘብ ጠራርጎ በላው። የገቡትም ዳቦ ላይ የሚነሰንሱ ሴቶች ነበሩ አለች።

"ዳቦ ላይ የሚነሰንስም ሰሊጥ ይገዛል" አልኋት።

"እፍኝ ነው የሚገዛው። እኛ የምንሸጠው በኮንቴይነር።"

ከዚያ በኋላ ቃሎቹን እንደ ማሳ ከፋፈለቻቸው። ዳቦ ጋጋሪ የሚያመጡትን ጭራሽ ዘጋቻቸው። የማይታወቁትን ዋጋቸውን ዝቅ አድርጋ ተወቻቸው፤ አንዳንድ ሰው ቢያመጡ እንደ ቃርሚያ ነው፣ ባያመጡም አይጎዱም አለች። ጥሩ ዋጋ የሰጠችው ለጥቂቶቹ ነው። ከነዚያ ውስጥ የተማመነችበት "የጎንደር ሰሊጥ" የሚለው ነው። ያን ቃል የሚጽፍ ሰው የሰሊጡን ዓይነት የሚያውቅ ነጋዴ ነው፤ ተጫራቹም ጥቂት ስለሆነ ርካሽ ነው አለች። ይህ ገባኝ። ገዥ ገብቶ ባየ ቁጥር ከእኅቷ ሒሳብ ይቆረጣል ማለቷንም ሰምቻለሁ። እኔ የያዝሁት ግን "ገዥ" ያለችውን ነው።

እኛ አገር ሰው አዲስ ሱቅ ሲከፍት ዘመድና ጎረቤት በደጁ አያልፍም፤ ይገባል። "ገበያው ይድራልህ" ይላል፣ ክብሪትም ይሁን ሳሙና ይዞ ይወጣል። የሚገዛው ባይኖረው እንኳ አንድ አፍታ ቆሞ ይመርቃል። ሱቅ ውስጥ ሰው ከታየ ሰው ይገባል። በአዲስ ሱቅ ደጅ ዝም ብሎ ማለፍ ጠብ አለኝ ማለት ነው።

እኔም ለጽዋ ማኅበርተኞቼ ነገርኋቸው። ልጄ ሱቅ ከፍታለች፤ ሱቁ ስልክ ውስጥ ነው፤ ግቡላት። ያን ጊዜ ከሱዳን የሚገባው ስልክ ርካሽ ስለነበር አብዛኛው ቤት አለ። የሞባይል ካርድ ሻጩ በየስልኩ በእንግሊዝኛ "የጎንደር ሰሊጥ" ብሎ እየጻፈ አሳያቸው። ገቡ፣ መረቁ፣ ወጡ። ልጆቻቸውንም አስገቡ። እነሱ መራቂ እንጂ ገዥ አይደሉም፤ ገዥና እንግዳ የማይለይ ባለሱቅ አለ ብዬ አላሰብሁም።

ታኅሣሥ እየገፋ ሲሄድ ልጄ ምግብ መብላት ቀነሰች። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑን ትከፍትና ግንባሯን ትይዛለች።

"ምነው?" አልኋት።

"ግራ ገባኝ፣ አባ። አዲስ አበባ ያሉ የውጭ ገዥ ወኪሎች በየቀኑ ይገባሉ። ሁሉም 'የጎንደር ሰሊጥ' በሚለው ነው የሚመጡ። የቀኑ ገንዘብ ከቀትር በፊት ያልቃል። ግን አንድም አይደውልም፣ አንድም አይጽፍም።"

"እንዲህ ነዋ። ዛሬ ያየ ነገ ይገዛል።"

"ቃሉ መጥፎ ነው ማለት ነው። ዋጋውን ላውርደው ነው።"

ይህ አናደደኝ። የአገራችን ስም እንዴት መጥፎ ይሆናል? ተጨቃጨቅን። እሷ አወረደችው፤ እኔ ወጥቼ ማኅበርተኞቼን "ገበያው ቀዝቅዞባታልና ደጋግማችሁ ግቡ" አልኋቸው። እሷ ስታወርድ እነሱ ሲገቡ፣ እሷ ስታወርድ እነሱ ሲገቡ። በመጨረሻ ነገ ቃሉን ጨርሸ አወጣዋለሁ አለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የድሮ ወዳጄ መጣ። አብረን ሳሉግ ነበርን፤ አሁን ትራክተር አለው። ገና ሳይቀመጥ ልጄን ጠራት።

"ልጄ፣ ዛሬም ገብቼልሻለሁ። እኔ እግረ ቀና ነኝ። እንዴት ነው፣ ደራ?"

"የት ነው የገቡት፣ ጋሼ?"

"እሱ ውስጥ ነዋ። አባትሽ የቆሸሸ ጋቢ ለብሶ ቆሟል። ሌላ የለውም እንዴ?"

"ሥራ ላይ የተነሣሁት ነው" አልሁት።

"ሰሊጡ ነጭ፣ ባለቤቱ ቡላ። ገዥው ያን አይቶ ነው የሸሸው።"

ልጄ አልሳቀችም። "ከእርስዎ ሌላ ማን ገብቷል?" አለችው።

"ማን ይቀራል? ማኅበርተኛው በሙሉ፣ ባለወፍጮው፣ የባለወፍጮው ልጆች፣ ጡረታ የወጣው ፖሊስ። እኛስ ሰው አይደለንም? ሱቅ ከፍተሽ ዝም ልንልሽ ኖሯል?"

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ኋላ ቀስ ብላ አስረዳችን። ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ሰው በነካው ቁጥር ዱባይ ያለችው እኅቷ ትከፍላለች።

"እኔ እኮ ምንም አልወሰድሁም፤ አየሁ እንጂ" አለ ወዳጄ።

"የሚከፈለው ለማየቱ ነው፣ ጋሼ።"

"መራቂ መሆኔን አያውቅም?"

"አያውቅም።"

"እንግዲህ ነውረኛ ገበያ ነው" አለና ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። ሰላምታም አልሰጠኝም።

እኔና እሷ ቀረን። "ከዚህ መግባታቸውን እንዴት አላየሽም?" አልኋት። ስልኩ ሸሕዲም ይሁን ሽንፋ፣ መሣሪያው ሁሉንም አዲስ አበባ ነው ይላል አለች። ለዚህ ነው ወኪሎች የመሰሏት። መልካሙን ቃል መጥፎ ነው ብላ ያወረደችውም ለዚሁ ነው።

"ታዲያ አዲስ አበባን ዝጊዋ።"

"እሷን ብዘጋ እውነተኞቹ ወኪሎችም ይዘጋሉ። ያሉት እዚያ ነው።"

 ከዚያ አየችኝና "ለምን አልነገሩኝም?" አለች።

"ደግ ነገር ይነገራል እንዴ?"

 የቃሉን ዋጋ ወደ ነበረበት መለሰችው። ጥምቀት ቀርቧል፤ እኅቷ ከመደበችው የተረፈው ለጥቂት ቀን ነው።

"እነሱ ካልገቡ ይበቃል?" አልኋት።

"ካልገቡ አንድ እውነተኛ ወኪል እስከዚያ ያገኘን ይሆናል። እንጃ፣ አባ።"

ከነገረችኝ ሁሉ አጥርቼ የተረዳሁት ይህን 'እንጃ' ነው። ዛሬም እላለሁ፣ መርቆ የሚወጣን ሰው ዋጋ የሚያስከፍል ገበያ ትክክል አይደለም። ግን ገበያው የእኔ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ተነሥቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ኪዳን ደርሶ ሰዉ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆምሁና ማኅበርተኞቼን ሰበሰብኋቸው። "ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ሱቅ እንዳትገቡ" አልኋቸው።

ሰው ተያየ። ሱቅ አትግቡ የሚል ሰው ሰምተው አያውቁም። ጡረተኛው ፖሊስ "ምን አጠፋን?" አለኝ።

"ምንም አላጠፋችሁም።"

"ታዲያ ጠብ አለን?"

ስለ ቃሎቹ ላስረዳቸው ጀመርሁ። ሳሉግ፣ ጨረታ፣ ካርድ፣ አዲስ አበባ አልሁ፤ መሐል ላይ ጠፋብኝ። እነሱም ጠፋባቸው። ወዳጄ ከኋላ ሆኖ መሬት መሬት ያያል።

"ልጄ እንዳትሄድብኝ ነው" አልኋቸው።

 ፖሊሱ ስልኩን ከኪሱ አወጣና አጥፍቶ መለሰው። እኔም መቋሚያዬን ይዤ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድሁ፤ ባለወፍጮው ኪዳን አይመጣም።