ስበሽ እይው

አባቴን ከቀበርን በኋላ ሆላንድ፣ ስኪዳም ከተማ ያለውን ቤቱን ሳጸዳ፣ የራስጌ መብራቱን ነቀልኩና ሽቦው ላይ ጥፍር የምታክል ቀይ ማያያዣ አገኘሁ። የአውሮፕላን ቤንዚንና የእርጥብ ሣር ሽታ ወዲያው መጣብኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠገኑበት ቦታ ስታሽ፣ የትምህርት ቤት የሥራ ልምምድ፣ ወጥቼ ነበር። ሽቦ መቀጠል ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እዚህ መጥቶ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ደሴ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነበር። ሽቦውን ይገምዳል፣ በሊድ ይበይዳል፣ በናስትሮ ይጠቀልላል። የመጀመሪያ ሥራዬን፣ የአንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን የሬዲዮ ሽቦ፣ ልክ እንደሱ ቀጠልኩና ደረቴን ነፋሁ።

አሠልጣኜ ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ ሆላንዳዊ ነበር። አልተቆጣኝም። ሽቦውን በጣቱ ወዲያና ወዲህ ጥቂት ጊዜ አጠፈው፤ ሊዱ ካለቀበት ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የሞተሩ ንዝረት ሰማይ ላይ ይህንኑ ያደርጋል አለኝ። ከዚያ መሳቢያ ከፍቶ ማያያዣ አስመረጠኝ፦ በሽቦው ውፍረት ልክ የተሠራ፣ መዳቡን ብቻ ሳይሆን ልባሱንም ጨምቆ የሚይዝ። በልዩ ፒንሳ ከጨመቅኩት በኋላ መያዙን ለማየት በኃይል እንድስበው አዘዘኝ።

የጨነቀኝ ግን ሽቦው አልነበረም። አባቴ ማታ ማታ «ዛሬስ ምን ቀጠልሽ?» ይለኛል፤ እኔም «እንዳስተማርከኝ ቀጠልኩ» እያልኩ ወር ሙሉ ዋሸሁት።

አንድ ቅዳሜ ሊወስደኝ መጣ። ክንፉ ሥር አጎንብሶ የሠራሁትን ሲያይ ሊድም ናስትሮም የለም። ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ሁሉንም ነገርኩት።

«የኔው ነው የተሰበረው?»

«አዎ አባዬ።»

በሻካራ ጣቶቹ የእኔን ሽቦ ሳበው። አልተነቃነቀም። «ሙያ በልብ ነው ብለሽ ነው የደበቅሽኝ?» አለና ፈገግ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ስለ ሽቦ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ልቡን የሰበርኩት መስሎኝ ስንት ዓመት ኖርኩ።

አሁን ከመብራቱ ሥር ያለውን መሳቢያ ስከፍት መጭመቂያ ፒንሳ አገኘሁ። አጠገቡ በፌስታል የታሰሩ የተበላሹ ማያያዣዎች ነበሩ፤ አንዳንዱ ተጨፍልቋል፣ አንዳንዱ ሽቦውን ለቋል። ዓይኑ እየደከመ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ሲለማመድ ኖሯል። ደብቆ መሥራቱን ከእኔ ነው የተማረው እንዳልል፣ እኔም ከእሱ ነው የወረስኩት።

የመብራቱን ሽቦ ሳብኩት። ደግሜ በኃይል ሳብኩት።

«ይዟል፣ አባዬ» አልኩ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ።