ግድግዳ የሌለው ኩሽና

ቤት ሊሠራ አስቦ ፕላን ፍለጋ ወደ እኔ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቦታው ስፋት አይደለም። «አማት አለዎት?» እለዋለሁ። ሰውየው ግራ ይገባዋል፤ አንዳንዱም ይስቃል። እኔ ግን የምሬን ነው። አማት ካለችው ኩሽናውን አንድ ዓይነት፣ ከሌለችው ሌላ ዓይነት አድርጌ ነው የምነድፍለት። ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ የገዛ አማቴ ናቸው፤ ያውም አንድ ቃል ሳይናገሩ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት አምቦ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ ጠረጴዛና ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ለአምቦ፣ ለጉደር፣ ለእጃጂ፣ ለጎጆ፣ መንገዱ ሲፈቅድም ለካቺሲ ሰው ቤት ስነድፍ ኖርኩ። የእኔን ያህል የሰው ኩሽና የገባ ወንድ በምዕራብ ሸዋ ያለ አይመስለኝም፤ በእርሳስ ማለቴ ነው።

ስጀምር ኩሽና የሚባል ነገር በፕላን ላይ አልነበረም። ማድ ቤት ነበር፤ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በአራት መስመር የምትሣል ሳጥን። ለሳሎኑ ሦስት ቀን ስጨነቅ፣ ለማድ ቤቷ የምሰጣት ሻዬ እስኪበርድ ያለውን ጊዜ ነው። ከዚያ ፋሽን ተራ በተራ መጣ። አንድ ሰሞን ሁሉም ሰው ባለ መስታወት ቡፌ ካልገዛ ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች እዚያ ውስጥ ተደርድረው አረጁ። ቀጥሎ አበባ ያለበት ላስቲክ ግድግዳ ላይ መለጠፍ መጣ፤ የወጡ እንፋሎት ዓመት ሳይሞላው ልጦ ጣለው። ፎርማይካ መጣ፤ ውሃ ሲነካው ጠርዙ አበጠ። እያንዳንዱ ሲመጣ ለዘላለም የመጣ ይመስል ነበር፤ እኔም አምኜ ነድፌዋለሁ።

ሲንክና ሴራሚክ ሲመጡ ግን መጡ፤ የሚሄዱም አይመስለኝም። እጃጂ ላይ ለአንዲት ነጋዴ የነደፍኩት ቤት ሲያልቅ ለምርቃት ተጠራሁ። ሴትየዋ ቧንቧውን ከፍተው ውሃው እጃቸው ላይ ሲወርድ ብዙ ቆዩና፣ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ወገቤ ሃምሳ ዓመት ለካ በከንቱ ነው የተቀጣው» አሉ። እኔ ማስመሪያ ከመያዜ በቀር ምንም አላደረግኩም፤ ግን ያን ቀን ኮርቼ ነው ወደ አምቦ የተመለስኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ፋሽን ነው ብሎ የሚያናንቅ ሰው ውሃ ቀድቶ አያውቅም።

ከሁሉም በኋላ ደግሞ ኦፕን ኪችን የሚሉት መጣ። ከዐረብ አገር የተመለሱ ልጆች ናቸው ያመጡት፤ ከመጽሔት የተገነጠለ ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡና «እንዲህ አድርግልን» ይሉኛል። በኩሽናና በሳሎን መሃል ግድግዳ የለም፤ በር የለም፤ አንዱ ከሌላው ጋር ሜዳ ለሜዳ ተገናኝቷል። እውነቱን ልናገርና በፍቅር ወደቅኩ። ለሌሎች ከነደፍኩት በፊት ለራሴ ነደፍኩት።

ለራሴ ስል ለባለቤቴ ማለቴ ነው። ባለቤቴ በከተማው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ቀን ለእናቶች ጭስ ዓይንና ሳንባ እንደሚጎዳ ስታስተምር ትውልና፣ ማታ ቤቷ ገብታ እዚያው የምታወግዘው ጭስ ውስጥ ትቀመጣለች። ማድ ቤታችን መስኮት አልነበረውም። ሳሏ ሳሎን ድረስ ሲሰማኝ፣ የሰው ቤት ስነድፍ የምኖር ሰው በመሆኔ አፍር ነበር። ሌላም ነገር ነበር። ከተጋባን ዓመታት አልፈው ልጅ አልወለድንም። ማን ምክንያት እንደሆነ ሐኪም አልነገረንም፤ እኔ ግን ጥፋቱን በራሴ ላይ አድርጌ ነበር። ልጅ ባልሰጣት ኩሽና ልስጣት አልኩ። ሞኝነት ነው፤ ግን ያኔ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ዘጠኝ ጊዜ ነደፍኩት። እሷ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ «ማድ ቤቱን አታፍርሰው፤ ለምናልባት ይቀመጥ» አለች። እኔ ደግሞ ያ ጥቀርሻ የለበሰ ነገር ከአዲሱ መስኮት ፊት ለፊት መቆሙ ፕላኔን አበላሸብኝ። ለስልጠና ሁለት ቀን ጉደር የሄደች ጊዜ አፈረስኩት። ስትመለስ ባዶውን ቦታ አይታ «እሺ» ብቻ አለች። የባለቤቴን «እሺ» የማያውቅ ሰው ተስማማች ይላል።

ኩሽናው ግን አማረ። ነጭ ሴራሚክ፣ የሚያበራ ሲንክ፣ ሰፊ መስኮት፣ የጭስ ማውጫ። ሳሏ እየቀነሰ መጣ። ከዚህ በላይ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ፤ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እኔ ሳሎን ወረቀቴ ላይ አጎንብሼ፣ ታወራኛለች። ጤና ጣቢያ ማን እንደመጣ፣ ምን እንዳስቃት፣ ምን እንዳስለቀሳት። በማድ ቤቱ ዘመን ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ ደክማ ስለምትተኛ፣ ዓመታት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ቀልደኛ መሆኗን አላውቅም ነበር። ግድግዳ ባለመኖሩ ሚስቴን አወቅኳት። ስለዚህ የማወራው ሁሉ አዲስ ነገርን ለማጣጣል አይደለም።

በዚህ መሃል፣ ከተጋባን በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ አረገዘች።

እናቷ የሚኖሩት ጎጆ ነው፤ ከአምቦ በስተሰሜን ያለው ብርዳም ደጋ። ባለቤቴ እንደነገረችኝ፣ እኛ ከተጋባንበት ዓመት ጀምሮ በየመኸሩ ከገብሳቸው ንጹሑን ለይተው ለብቻው ያስቀምጡ ነበር። ለአራስ ልጃቸው ማርቃ ነው፤ ወፍራሙን ገንፎ ማለቴ ነው፤ በእሳቸው እጅ ተማስሎ በእሳቸው እጅ የመጀመሪያው ማንኪያ የሚጎረስ። ዓመቱ አልፎ ልጅ ሲጠፋ ያንን ገብስ ለቤት ያወጡና ከአዲሱ ምርት ይተኩታል። ለማንም አያወሩም። አሥር ጊዜ ተኩ።

እኔና አማቴ ብዙ አንነጋገርም። በአገራችን አማትና አማች ይፈራራሉ። በስም አይጠሩኝም፤ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ ሴት አንቱ ይሉኛል፤ እኔ ባለሁበት እህል አይቀምሱም፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ነው የሚያልፉኝ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። አውቄው ነው እንግዲህ ያን ኩሽና የነደፍኩት።

ሴት ልጅ ተወለደች፤ ነሐሴ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አማቴ ከጎጆ ደረሱ። ዱቄቱን በስልቻ፣ ቅቤውን በቅል፣ የራሳቸውን ማማሰያ ደግሞ በጨርቅ ጠቅልለው ነው የመጡት። የጸሎት ቤታችን ሴቶች ስምንት ዘጠኝ ሆነው ቀድመው ገብተዋል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ አባቴና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

አማቴ ወደ ኩሽናው ገቡ። ቧንቧውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። ሴራሚኩን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ባይኤ ባሬዳ ዳ» አሉ፤ በጣም ቆንጆ ነው ማለታቸው ነው። ደረቴ በኩራት ተነፋ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ስቶቩ ቀጥ አለ። የከሰል ምድጃ ከጎረቤት መጣና ከነእሳቱ ወለሉ ላይ፣ ነጩ ሴራሚኬ ላይ ተቀመጠ።  ውሃው ተጣደ፣ ፈላ፤ ዱቄቱ ቀረበ፤ በርጩማ ቀረበ።

አማቴ አልተቀመጡም። የታጠበውን ማማሰያ እንደገና አጠቡት። የተወለወለውን ድስት ክዳን ወለወሉት። ውሃው ይንተከተካል፤ እሳቸው ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ቆመዋል። ከሴቶቹ አንዷ፣ «ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣ ደክሞዎት ይሆናል፤ እኛ እናማስልዎት» አለቻቸው።

«ሚቲ» አሉ ቀስ ብለው። አይሆንም ነው።

እኔ ምን ገመትኩ? መጎንበስ ከበዳቸው ብዬ ገመትኩ። ተነሥቼ ሄድኩና፣ «ምድጃውን ከፍ አድርገን እዚህ የሲሚንቶው መደርደሪያ ላይ ብናስቀምጠውስ? ቆመው ያማስላሉ» አልኳቸው። አማቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመኝታ ቤት የባለቤቴ ድምፅ ጠራኝ።

«እናቴን ምን እያደረግካት ነው?»

«መጎንበስ ከብዷቸዋል መሰለኝ። ምድጃውን ከፍ ላድርግላቸው ብዬ ነበር።»

መሣቅ ጀመረች፤ ግን ስለሚያማት ሆዷን ይዛ አቆመች። «አንተ ሰው፣ ማርቃ ቆሞ ይማሰላል? ቀሚሷን ሰብስባ፣ ምድጃውን በጉልበቶቿ መሃል አድርጋ፣ እንደ ልቧ ተቀምጣ ነው የምታማስለው። አንተ ፊት እንዴት ብላ ትቀመጥ? አባትህስ ፊት?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለአማቿ? ብትሞት አትነግርህም። ማድ ቤቱ ቢኖር እዚያ ትገባ ነበር።» «ግድግዳ ሥራላት» አለችኝ።

«አሁን?»

«አሁን። ይህን ቀን ብላ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ሌላ ሰው ካማሰለው እኔም አልበላም።»

ሳሎን ተመለስኩ። ከነደፍኳቸው ቤቶች ስንቱን ግድግዳ እንዳሠመርኩ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን አንዲት መጋረጃ እንኳ አልነበረኝም። መጋረጃ ብርሃን ይከለክላል ብዬ በቤቴ አግጄ ነበር። እንግዶቹን ወደ ውጭ እንዳላወጣ ዝናብ ነው። ገመድ ፈልጌ ከመስኮቱ ብረት እስከ ካቢኔቱ እጀታ ወጠርኩ። ከዚያ አባቴ ፊት ቆሜ፣ «ጋቢህን ስጠኝ» አልኩት።

አባቴ ነገሩ ቶሎ ገባው። ተነሥቶ ጋቢውን አወለቀ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም አወለቁ። የእኔ ሲጨመር አራት ሆነ። ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው፤ መሬት ድረስ ደረሱ። እኛ አራት ወንዶች በነሐሴ ብርድ በሸሚዝ ተቀመጥን።

ከጋቢው ወዲያ መጀመሪያ የበርጩማው ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ የማማሰያው። ቀስ ብሎ ጀምሮ እየጠነከረ፣ እየፈጠነ ሄደ። አማቴ መናገር ጀመሩ፤ ዱቄት ጨምሩ፣ ድስቱን ያዙ፣ እንዲህ አይያዝም እያሉ በኦሮምኛ ያዛሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይቀልዳሉ፤ ሴቶቹ ይንከተከታሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ሰምቼው የማላውቅ ትልቅ፣ ደስ የሚል ድምፅ ነበራቸው። ልጃቸው ቀልዱን ከማን እንደወረሰች ያን ቀን ገባኝ። መሃል ላይ ሴራሚኩ ከእሳቱ በታች ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። አልተነሣሁም።

አባቴ ክንዱን እያሻሸ፣ «ይህን ኩሽና ስትነድፍ ሴት አማክረህ ነበር?» አለኝ።

«ሚስቴን።»

«እናቷንስ?»

የተሰቀሉትን ጋቢዎች አየሁ። በኋላ እዚያ ቦታ ላይ የሚታጠፍ ሰፊ የእንጨት በር አሠራሁ፤ ሲፈለግ ተከፍቶ ከባለቤቴ ጋር የምናወራበት፣ ሲፈለግ ደግሞ የሚዘጋ። ለደንበኞቼም የምነድፈው እንደዚያው ነው። ኦፕን ኪችን ይዘልቃል ወይ ለሚለኝ፣ በር ካለው ይዘልቃል እላለሁ።

ማርቃው ደረሰ። የነጠረው ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። አማቴ ሳህኑን በነጠላቸው ሸፍነው በጋቢው ጥግ ወጡና፣ እኔን ሳያዩ ወደ መኝታ ቤት አለፉ፤ ሴቶቹ ተከተሏቸው። አንደኛው ሽማግሌ ከተቀመጡበት ጸለዩ። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ፤ የመጀመሪያው ማንኪያ መሆኑን ሳሎን ያለነው ሁላችን አውቀናል። በሩ ገርበብ ብሏል። እኔ ወደዚያ ማየት አልደፈርኩም፤ ጆሮዬን ብቻ ሰጠሁ።

«ሃርሜ» አለች ባለቤቴ፤ እናቴ ስትል ነው። «ጨው የለውም እኮ።»

 ከዚያ የአማቴ ድምፅ መጣ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አልቻልኩም። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገብሱን አሰብኩ፣ ቅቤውን አሰብኩ፣ አንቺ አፍሽን ከፍተሽ ስትቀበይኝ አሰብኩ። ጨው ግን አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም» አሉ።