ሠጋር በንጉሡ ሠ

ወንድሜ ሲሞት ልጅ አልነበረውም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች እናቴ እየሰማች «ስም አስጠሪ እንኳ ሳይተው» ይሉ ነበር።

አንድ ጓደኛ ነበረው። ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል፤ ዳንግላ ኮምፒውተር ይጠግናል። ድንኳኑ ውስጥ ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ስም አስጠሪማ ትቷል። የሠራው ሥራ አለ። እኔ በስሙ እልክለታለሁ፣ ዓለም ያየዋል» አላት። ሥራው ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ከዚያ በኋላ ግን ትንሽ እህል ቀመሰች።

ፋይሉን ከወንድሜ ላፕቶፕ በፍላሽ ገልብጦ ወሰደ። ከአርባው ማግስት ደግሞ እናቴ የወንድሜን ጥቁር ጃኬት ከሳጥን አውጥታ ሰጠችው። የምንኖርበት እንጅባራ ብርድ ነው። እኔም ጃኬት አልነበረኝም። ግን የሚገባው መስሎኝ ነበር።

ሥራውን እኔም የማውቀው ግማሹን ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍሁም። መልእክት የሚቆልፍ ፕሮግራም ነው፤ ቁልፉ የሌለው ሰው እንዳያነበው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በነፃ ይጽፉታል፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ወንድሜ የጨመረበት አንድ ፈተና ነው። በፊደላችን የተጻፈ ቃል ሲቆለፍና ሲከፈት እንዳይበላሽ የሚያይ። «የፈረንጁን ብቻ ነው የሚፈትኑት» ይለኝ ነበር። «የእኛ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ማን አየ?»

ክረምቱ ሲያልፍ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ የፕሮግራሙን አዲስ ኮድ አወረድሁ። እናቴ የወንድሜን ስም እንድታየው ፈልጌ ነው። ማንበብ አትችልም። ጣቷን እንድታሳርፍበት ነው።

ተሠርቶ ያለቀውን መጫን ይቻል ነበር። እኔ ግን ወንድሜ እንዳሳየኝ ከኮዱ ራሴ መገንባት አሰኘኝ። በወንድሜ ላፕቶፕ፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዙን ጻፍሁ። የጎደለ ነገር አለ አለኝ። ተመልሼ ኢንተርኔት ቤት። አሁንም ሌላ ጎደለ። እሱንም አምጥቼ ግንባታው ሲጀምር መብራት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ስለማይዝ እሱም አብሮ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ትእዛዙን ደገምሁት፤ ካቆመበት ቀጠለ። ግንባታው ሲያልቅ ፈተናውን አስነሳሁ። መስመሮቹ ይወርዱ ጀመር፤ አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈ። የፊደሉም አለፈ። ብቻዬን ሳቅሁ መሰለኝ።

ከዚያ የፈተናውን ፋይል ከፈትሁት። ከላይ የጸሐፊው ስም አለ። የጓደኛው ስም ነው። እስከ ታች ወረድሁ፣ ተመልሼ ወጣሁ። የወንድሜ ስም የለም። የሚፈተነው ቃል ግን ነበረ፤ ሠጋር።

የአባቴ ፈረስ ስም ነው ሰጋር። ሰጋር ማለት የተቀመጠበትን ሳያንገላታ የሚሄድ ማለት ነው። የእኛው አንጀት ያወርድ ነበር፤ ሲፈልግም ይጥላል። ጎረቤት በስሙ ይስቅ ነበር። ቃሉ በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፈው። ወንድሜ ግን ከትንሽነቱ ጀምሮ በንጉሡ ሠ ይጽፈዋል። አስተማሪ ቢያርመውም አይተውም። «አባባን እንኳ ጀርባው ላይ አያስቀምጥም። ንጉሥ ካልሆነ ምንድን ነው?» ይለኝ ነበር።

ሠን አጥፍቼ በእሳቱ ሰ ጻፍሁና እንደገና ፈተንሁ። ወደቀ። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ቃል ነው፣ የሚጠበቀው መልስ በሠ ተሠርቶ ተቀምጧልና። ወደ ሠ መለስሁት። አለፈ።

በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ሄድሁ። ጓደኛው ጃኬቱን ለብሶ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል።

«ና፣ ግባ ወንድሜ። ምሳ በላህ?»

«ኮዱን ገንብቼ አየሁት።»

«አንተ?» ሳቀ። «እሱ ቢሰማ ሰፈሩን በፉከራ ይሞላው ነበር። ፈተናው አለፈልህ?»

«አለፈ። ስሙ ግን የለም።»

የያዘውን ካቻቢቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ስማኝ። ሥራ የላከ ሰው ይጠየቃል፣ ኢሜይል ይጻፍለታል። ለሞተ ሰው ጽፈው ማን ይመልስላቸው?»

«ከስምህ ሥር የእሱን መጨመር አይቻልም ነበር?»

«አብረን እኮ ነው የሠራነው።»

«ታዲያ ቃሉ ለምን በንጉሡ ሠ ሆነ?»

አሰበ። የእውነት አሰበ። ፈረሱን አያውቀውም፤ እነሱ ሳይተዋወቁ ነው የተሸጠው። «የትየባ ስሕተት ይሆናላ» አለኝ። «አይቼው ላርመው ነበር።»

«ብታርመው ይወድቃል።»

ካቻቢቴውን መልሶ አነሣና፣ «ሻይ ላስመጣልህ» አለኝ። አልጠጣሁም። ሥራውን በራሱ ስም ማድረጉን በመንገድ ላይ ለራሴ ሳስረዳው ነበር፤ ሥራ ፍለጋ ነው፣ ችግር ነው እያልሁ። ሠን ስሕተት ማለቱን ግን እስከ ዛሬ የማስረዳበት አላገኘሁም።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ነበረች፤ ያገኘሁትን ገና አልነገርኋትም ነበር።

«ሥራውን አየኸው? ስሙ አለ?»

«የሰጋር አለ።»

«የፈረሱ?» ልትስቅ ነበር። «የእሱስ?»

የለም አልኋት። ማን ጻፈው ይላል ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኋት። ነጠላዋን አጣፋች፣ ፈታች።

«ጃኬቱን ለብሶት ነበር?» አለችኝ።

«ለብሶት ነበር።»

«ልክ ሆነው?»

«እጅጌው ረዝሞበታል» አልኋት።