የስሚዝ እጅ

ጋሽ እንዳሻው ሆኽስት ካለ የኬሚካል ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ የፍራንክፈርት ሐበሻ ሁሉ «የጨዋ ልጅ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ይህን በሰሙ ቁጥር ወሬ ይለውጣሉ። አባታቸው ላቀው ቀጥቃጭ ነበራ! የአገሩ ሰው ማረሻና ማጭዱን ከላቀው እጅ ይቀበላል፤ ልጁ በደጁ ሲያልፍ ግን ቡዳ ነው ብሎ ምግቡን ይሸፍናል። ሙያውን ጥሎ ከተማ የገባው፣ ባለርስት ነኝ ባዩ አጎታቸው አድነው መላ ዘየደ፤ «ልጄ ነው» ብሎ በራሱ ስም ትምህርት ቤት አስገባቸው። ወርቅነሽን ሲያጩም ሽማግሌዎቹ «የአድነው ልጅ፣ የባለርስት ዘር» ብለው ዳሯቸው። ላቀው በዚያው ከልጁ ስም ተፋቀ፤ ምን ያርግ፣ ሙት አይከስም።

አንድ ልጃቸው ቤተልሔም ኒደርራድ ሰፈር ቢሮ ውስጥ አብሯት የሚሠራ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ አገባች፤ ወንድ ልጅም ወለደች። ባለፈው እሑድ የባሏ አባት የልጅ ልጁን ሊያይ መጣና ኖርድቬስትሽታት ሰፈር እነ ቤተልሔም ቤት ምሳ ላይ ስለ ስሙ ያወራ ጀመር። ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ማለት ነው አለ። ድሮ በየመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበረ ስሙ ከሙያው ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየወረደ፣ በመርከብ ባሕር ተሻግሮ ዓለምን ሞላ ብሎ ደረቱን ነፋ። ቤተልሔም ለእናቷ ተረጎመችላቸው። ወይዘሮ ወርቅነሽም «እንዲህ ያለ ባለሙያ ዘር ይባረክ» ብለው አጨበጨቡ። ጉድ እኮ ነው!

ቤተልሔም ደግሞ በማግስቱ ልደት በሚመዘገብበት ሽታንዴስአምት ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ እንዳላት፣ የልጁን ሁለተኛ ስምም አባቷ ከዘራቸው ስም መርጠው እንዲያወጡለት እንደምትፈልግ ተናገረች። ጋሽ እንዳሻው የአባታቸውን ስም የሚሸከም ሰው ዕድሜ ልካቸውን ተመኝተዋል፤ ይኸው ከስሚዝ ጎን ቦታው ተከፈተለት። ሚስታቸውን ተከትለው ኩሽና ገቡ።

«ወርቄ፣ አባቴ ቀጥቃጭ ቢሆን ኖሮ ታገቢኝ ነበር?»

ወይዘሮ ወርቅነሽ ኬክ የሚቆርሱበትን ቢላ አስቀምጠው አማተቡ።

«በስመ አብ! ምን ነካህ? የኛ ቀጥቃጭና የፈረንጅ ቀጥቃጭ አንድ ነው እንዴ? ደግሞ ሕፃኑ ባለበት እንዲህ ያለ ነገር አታንሳብኝ፤ ዓይን ይበላዋል።»

ይኸው ነው። ለአርባ ዓመት አብረው የተኙት ከቡዳ ልጅ ጋር መሆኑን ሴትዮዋ አላወቁም፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ከገዛ ቅድመ አያቱ ይጠብቃሉ። ጋሽ እንዳሻው ወደ ሳሎን ተመለሱ።

ቤተልሔም ሕፃኑን አስታቀፈቻቸው። «እሺ አባዬ፣ ማን እንበለው?»

ሰፊ ግንባሩን አዩት። ቁርጥ ላቀው ነው።

«አድነው» አሉ።

ሁሉም ደስ አለው። እንግሊዛዊው አያት አድነው ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቃቸው፤ ባለርስት ነበር አሉት። ሰውዬው ተደንቆ ተነሣና እጃቸውን ጨበጠ። የላቀው እጅ ፍም የጠበሰው፣ መዶሻ ያሻከረው ነበር። የስሚዝ እጅ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው።