አባዬ ያሰፋው ቤት

ባለፈው ወር ዙሪክ ውስጥ፣ ላንግሽትራሰ በሚባለው ጎዳና አጠገብ የተከራየሁትን ቤት ቁልፍ ተቀብዬ በሩን ስከፍት፣ ገና ያልደረቀ የነጭ ቀለም ሽታ ተቀበለኝና ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ቁልፉን ያስረከበችኝ ሴት ቤቱን የወደድኩት መስሏት አብራኝ ሳቀች። እኔ ግን ዙሪክ አልነበርኩም። ጄኔቫ ነበርኩ፤ ሰርቬት ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባዬ ከጋዜጣ የሠራውን ቆብ ደፍቶ ወንበር ላይ ቆሞ ጣሪያ ሲቀባና ከጣሪያው ይልቅ ራሱን ሲያነጣ እያየሁ።

አባዬ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግሥት ነው ከአገር የወጣው፤ እኔና እማዬ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተልነው። አዲስ አበባ ሳለ የሕንፃ ንድፍ ይሠራ ነበር፤ ጄኔቫ ግን የሰው ቢሮ ያጸዳል። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች። የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት የመታጠቢያ ቤቱ በር ስለማይከፈት፣ እማዬ ወተት ልታወጣ ስትል እኔ መታጠቢያ ቤት እታሰራለሁ። እማዬ ጠበበን ባለች ቁጥር አባዬ ጫማውን ከመንገድ ያነሣ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ሜትርና እርሳስ ይዞ ተነሣና፣ «ቤቱ ጠባብ አይደለም፤ አቀማመጡ ነው የተሳሳተው» አለ። እዚህ ከመጣን ወዲህ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ጣሪያና ግድግዳውን ነጭ ቀባ። ቀጥሎ ቦታ የበላው ጠረጴዛው ነው ብሎ እግሩን ሊያሳጥር መጋዝ አነሣ፤ አንዱን ሲቆርጥ ሌላው እየረዘመበት፣ ያንን ሲያስተካክል ይኸኛው እያነሰበት፣ ጠረጴዛው ወርዶ ወርዶ ከጉልበታችን በታች ሲሆን፣ ዝቅ ያለ ዕቃ ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲያ መሬት ላይ ተቀምጠን በላን።

በመጨረሻ ሰው መንገድ ዳር ያወጣቸውን ሁለት ትልልቅ ባለመስታወት የቁም ሳጥን በሮች አገኘ። አንድ በአንድ ስንወስዳቸው እሱ ከኋላ ተሸክሞ፣ ፊቱን መስታወቱ ስለሸፈነው እኔ ከፊት እየመራሁት ነበር፤ አንዲት ፈረንጅ አስቁማን ከንፈሯን ቀለም ስትቀባ አባዬ እስክትጨርስ ሳይነቃነቅ ጠበቃት። መስታወቶቹ በመስኮቱ ትይዩ ሲሰቀሉ ክፍላችን እውነትም እጥፍ ሆነች። እማዬ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ «አሁን የሁለት ቤት አቧራ ነው የምጠርገው?» አለች።

በሳምንቱ እሑድ እትዬ ፀሐይ መጡ። ከእማዬ ጋር በቤተ ክርስቲያን የሚተዋወቁ፣ ጡረታ የወጡ፣ ዓይናቸው ቢደክምም መነጽር የማያስጠጉ ሴት ናቸው። ከበሩ ቆመው ወደ መስታወቱ አዩና፣ «ለካ ሌላም ክፍል አላችሁ!» አሉ። ከዚያ ማዶ ነጠላ የለበሱ ሴት አይተው በትሕትና እጅ ነሡ፤ ሴትዮዋም እኩል እጅ ነሡ። «ምን ያሉ ጨዋ ናቸው!» አሉ እትዬ ፀሐይ። እማዬ እንግዳዋን ላለማሳፈር ወደ ቡናው ዞረች፤ አባዬ በሥራው ኮርቶ ፈገግ አለ፤ እኔ ትራስ ነከስኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ዘይነባ የምትባል፣ ሆዷ የገፋ ወጣት አስከትለው መጡ።

«ባሏ ቪንተርቱር የሚባል ከተማ ነው ያለው» አሉ። «ወደሱ የምትዛወርበት ወረቀት እስኪመጣ ያለችበት የስደተኞች መጠለያ በአንድ ክፍል ስምንት ሆነው ነው። እናንተ እግዜር ይመስገን፣ ያ ማዶ ያለው ክፍላችሁ ለአንዲት ሴትዮ ብቻ ሰፊ ነው።»

እማዬ አባዬን አየች፤ አባዬ መሬት መሬት አየ። ዘይነባ ቀስ ብላ ወደ መስታወቱ ሄደች፤ ሆዷን አየች፤ ዞረች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ መስታወት ነው።»

«ታዲያ እኚያ ሴትዮ ማን ናቸው?»

«እርስዎ ነዎት።»

እትዬ ፀሐይ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጨዋ ናቸው ማለቴስ ልክ ነበር» አሉ።

ያኔ ያልሳቀ የለም። ዘይነባ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ወደ እንባ ተለወጠና ቦርሳዋን ልታነሣ ጎንበስ አለች። ስለቤቱ ጥበት ስታማርር የኖረችው እማዬ ቀድማ ቦርሳውን ያዘች። «ሰፊ ነው ተብለሽ መጥተሽ የት ልትሄጂ ነው? ተቀመጪ» አለቻት። አባዬ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ነበር።

ሰባት ሳምንት ከእኛ ጋር ኖረች። አባዬ መጋረጃ ከጣሪያ አወረደላት፤ የእኔ ፍራሽ ቀን ቀን እንደ መሳቢያ አልጋ ሥር ይገፋል። በመጋረጃው ወዲያ ዘይነባ ስትሰግድ፣ ወዲህ እማዬ ስትጸልይ፣ ቀድማ የጨረሰችው ሌላዋ እስክትጨርስ ድምፅ አታሰማም። ሕፃኑ ከሆስፒታል ሲመጣ ያልተያዘ ቦታ ስላልተገኘ የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ ተኛ፤ ካልሲዎቻችን ለእሱ ሲሉ ማዕድ ቤት ገቡ።

ወረቀቱ መጣ። ባሏ መጥቶ ወሰዳቸው፤ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝተን ስንመለስ ሦስታችንም የት እንደምንቀመጥ ጠፋን። አባዬ መጋረጃውን አጣጥፎ ሲያበቃ ዙሪያውን አየና፣ «አሁንስ ከልክ በላይ ሰፋ» አለ።

ኋላ ባለሦስት ክፍል ቤት አገኘን፤ እሱና እማዬ አሁንም እዚያው ናቸው፣ እኔ እዚህ ዙሪክ ነኝ። በዚያች ክፍል አባዬ ሲያስነጥስ ገና ሳይጨርስ ከየማዕዘኑ «ይማርህ!» እንለው ነበር። ባለፈው ክረምት አምስት ቀን በትኩሳት ተኝቶ መሰንበቱን የሰማሁት ከተነሣ በኋላ ነው። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለችኝ እማዬ። ስልኩን እንድትሰጠው ለመንኳትና፣ ከዳነ በኋላ፣ «ይማርህ» አልኩት።