ከማመልከቻው በፊት የተከፋፈለ ዱቄት

አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ፣ ስለ ኪሳራ የሚናገረውን ክፍል ለጋዜጣችን አንባቢዎች ያብራራሁት እኔ ነበርኩ። ዕዳ የከበደው ድርጅት ከመዘጋቱ በፊት ፍርድ ቤት ቀርቦ ራሱን መልሶ ለማደራጀት ጊዜ መጠየቅ ይችላል ብዬ ጻፍኩ። በሌላው ዓለም የተለመደ አሠራር መሆኑንም ጨመርኩ።

የአጎቴ ልጅ ያንን ጽሑፍ ንፋስ መውጫ ከተማ ሆኖ አነበበው። ከሁለት ሸሪኮች ጋር የዱቄት ፋብሪካ ነበረው። በጦርነቱ መንገድ ሲዘጋ ዱቄቱ ገበያ አጣ፤ የባንኩ ወለድ ግን መቁጠሩን አላቆመም። ስንዴውን በዱቤ የሰጡት ደግሞ የጋይንትና የስማዳ ገበሬዎች ነበሩ።

ደወለልኝ። "አንተ፣ ይኼ የጻፍከው ለእኛም ይሠራል ወይስ ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ ነው?"

"ይሠራል። ፋብሪካውን ማዳን ከፈለግህ ቶሎ አመልክት።"

"እሺ። መጀመሪያ ከገበሬው ጋር ልታረቅ።"

እንዴት እንደሚታረቅ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ሥራዬ ነው።

በእኛ አገር እንደተለመደው ሽማግሌ ተቀመጠ። የንስሐ አባቱም ነበሩ። ድሃው ይቅደም ተባለ። እሱም መጋዘን የቀረውን ዱቄት በሙሉ ለገበሬዎቹ በየድርሻቸው አከፋፍሎ፣ መስቀል ተሳልሞ ተመረቀ። ማመልከቻውን ያስገባው በሳምንቱ ነው።

ባንኩ ተቃወመ። ችሎቱ ላይ ነበርኩ።

"ባንኩን ሳያማክሩ ለምን አከፋፈሉ?" አሉት ዳኛው።

"ክቡር ዳኛ፣ ባንክ ልጅ አይራብበትም።"

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም። በሕጉ፣ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ነጋዴ ከባለገንዘቦቹ አንዱን ከሌላው አስቀድሞ በዕቃ ከከፈለ፣ ክፍያው ይፈርሳል። መልሶ የሚደራጅበት ነገርም አልቀረውም ተብሎ ኪሳራው ታወጀ፤ ገበሬዎቹም ዱቄቱን ወይም ዋጋውን እንዲመልሱ ታዘዘ። ውሳኔው በሕጉ መሠረት ትክክል ነበር፤ እንደዚያው አድርጌ ዘገብኩት።

የከሰረውን ድርጅት ንብረት እንዲሰበስብ ፍርድ ቤቱ የሾመው ንብረት ጠባቂ ወደ ስማዳ፣ ወገዳ ሲወርድ፣ ዱቄት የወሰዱትን ቤት ለቤት እንዲያሳይ የአጎቴን ልጅ ይዞት ሄደ። እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። የመጀመሪያው ቤት የአንዲት ባልቴት ነበር።

"እማማ፣ የወሰዱትን ዱቄት ይመልሱ ተብሏል" አላቸው ንብረት ጠባቂው።

"ዱቄትማ ይበላል እንጂ ይቀመጣል እንዴ? በላነዋ!"

"እንግዲያው ዋጋውን ነው።"

ባልቴቷ ወደ አጎቴ ልጅ ዞሩ። "ሽማግሌ ፊት የሰጠኸኝን ነው የምታስቀማኝ? ደግሞ ቤቴን መርተህ?"

 ንብረት ጠባቂው ደጅ የታሰረችውን ጊደር በዱቄቱ ዋጋ ፋንታ መዘገበ።

ሁለተኛው ቤት ስንደርስ የአጎቴ ልጅ ከመኪናው አልወርድም አለ። ንብረት ጠባቂው የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አውጥቶ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ አነበበለት። የአጎቴ ልጅ እኔን አየኝ። ትእዛዙ እንደሚያስገድደው ነገርኩት።

ወረደና በሩን አንኳኳ።